የሰላምአብ ዱቡሻ ስንት ሰው አለው?

ሰላምአብ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ከሰላምታ በፊት ቁጥር ያያል። ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ይገባል፤ በብሎኬት ከፍ ብሎ ወደተቀመጠው አሮጌ ኮምፒውተር ጎንበስ ይልና ስክሪኑን ይከፍታል። ቁጥሩ ጨምሮ ከሆነ «ወርቄ፣ እንዴት አደርሽ?» ይለኛል። ቀንሶ ከሆነ ዝም ብሎ የፎቶ ኮፒ ማሽኑን ማሞቅ ይጀምራል። አምስት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ሰላምታ ያገኘሁባቸው ጠዋቶች ከእጄ ጣቶች አይበልጡም።

እኔ ወርቂቱ እባላለሁ። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ አሁን ቢወራ የሚጠቅመው ሰው የለም። ሶዶ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች የጽሕፈት ሱቅ እጠርጋለሁ፣ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ፎቶና መታወቂያ ላሚኔት አደርጋለሁ። ስለ ሰላምአብ የምጽፈው በከተማው የሚወራው ግማሹ ስህተት ስለሆነ ነው። ከስህተቱ ውስጥ አንዱን ደግሞ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ሰላምአብ የዲምቱ ልጅ ነው። አባቱ ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ በእግራቸው የሚሄዱ ወንጌላዊ ነበሩ። እሱ ኮምፒውተር ተማረና በገጠር አንድ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኖ ተመደበ። ትምህርት ቤቱ በአቡጀዲ የተሸፈኑ ሃያ ኮምፒውተሮች ነበሩት፤ መብራት ግን አልነበረውም። ሦስት ዓመት ሙሉ ኪቦርድ በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሳለ አስተማረ። ልጆቹ በየተራ ይወጡና የተሳለውን ፊደል በጣታቸው ይጫኑ ነበር። «ሁሉም ጣታቸው ነጭ ሆኖ ነበር ወደ ቤት የሚሄዱት» ብሎኛል። ይህን ሲነግረኝ አልሳቀም። ከዚያ ለቆ ሶዶ መጣና ሱቋን ተከራየ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ አላገባም። ብሎን መፍቻ ከሸሚዙ ኪስ አይለየውም፤ ቸርች እንኳ ይዞት ይሄዳል።

ዱቡሻ በወላይታ ሰው የሚሰበሰብበት፣ ነገር የሚነሳበትና የሚበርድበት ሜዳ ነው። ሰላምአብ ይህን ስም የሰጠው በዚያ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ለከፈተው መገናኛ ነው። እንደ ፌስቡክ ይጻፍበታል፣ ፎቶ ይለጠፍበታል፣ ድምፅ ይላክበታል። ልዩነቱን መጀመሪያ የነገረኝ ቀን አንዲት ነገር ሳይደብቅ ሊያስረዳኝ ሞከረ።

«ፌስቡክ የአንድ ሀብታም ግቢ ነው፣ ወርቄ። በሩን ሲፈልግ ይከፍታል፣ ሲፈልግ ይዘጋል፤ አንቺ እንግዳ ነሽ። ይሄ ግን እንደ እድር ነው። የኛ ሰፈር እድር የራሱ ደንብና የራሱ ሰብሳቢ አለው አይደል? የሐዋሳው ሰው የራሱ አለው፣ የናይሮቢው የራሱ አለው። ግን እዚህ የጻፍሽውን እዚያ ያለው ሰው ያነበዋል። የሁሉ ጌታ የሚባል የለም።»

«ታዲያ የሚያተርፈው ማን ነው?»

«ማንም።»

ማንም የማያተርፍበት ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ስለዚህ አላመንኩትም። እኔም አልተመዘገብኩም።

የተመዘገቡት መጀመሪያ የሰፈሩ ሰዎች ነበሩ። ሰላምአብ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ስለሆነ የእድሩን መዝገብ ይዞ ከቤት ቤት ዞረ። እኔ ሌላ ቀበሌ ነው የምኖረው፤ በዚያ እድር የለሁበትም፤ እንዴት እንደመዘገባቸው አላየሁም። ከዚያ በ2015 ትልልቆቹ መገናኛዎች በአገሩ ሁሉ ለወራት ተዘጉ። ዱቡሻ ከትንሽነቱ የተነሳ የሚዘጋው አላገኘም። ስልኩ ላይ እገዳውን ማለፊያ ቪፒኤን መጫን ያቃተው ሁሉ እኛ ሱቅ መጣ። ወረፋው እስከ ጎማ ጠጋኙ ደጃፍ ደርሶ ነበር። ቁጥሩ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሲደርስ ሰላምአብ ለሰው ሁሉ ሻይ ጋበዘ።

እገዳው ተነሳ። ሰውም ሰርጉ ካለቀበት ድንኳን እንደሚወጣ ወጥቶ ሄደ። አራት መቶ ሆነ፣ ሁለት መቶ ሆነ፣ በመጨረሻ ሰባ ሦስት ላይ ቆመ። ኮፒ ሊያደርጉ የሚመጡት ሳይቀሩ ያበሽቁት ነበር።

«ሰላምአብ፣ ዱቡሻህ ሣር አበቀለ ወይስ ገና ነው?»

«እያደገ ነው» ይላቸው ነበር። ድምፁ ግን ራሱን የሚያምን ሰው ድምፅ አልነበረም። እኔ ስገባ ስክሪኑን ማዞር የጀመረውም ያን ጊዜ ነው። ሰው ምን ሲያደርግ ነው ስክሪን የሚያዞረው? ክፉ ክፉውን አሰብኩ። ሥራዬ ወለል መጥረግ ነው፤ የሚጠርግ ሰው ሌላው የጣለውን ያያል።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ የሱቁ ባለቤት የኋላዋን ክፍል ለልጁ ፀጉር ቤት ፈለጋት። እስከ ሰኔ ሠላሳ ልቀቅ አለው። ሰላምአብ ኮምፒውተሩን ቤቱ ወስዶ እንዳያስቀምጠው የኢንተርኔት መስመር የለውም፤ ሌላ ቦታም አላገኘም። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት እንዲህ ያሉ ትንንሽ መገናኛዎችን በራሱ ትልቅ ማሽን ላይ በነጻ እንደሚያስቀምጥ ሰማና ጻፈላቸው። ሜላት የምትባል ሠራተኛቸው መጥታ ታያለች፤ እያደገ ከሆነ ይቀበሉታል፣ እየሞተ ከሆነ አይቀበሉትም ብለው መለሱ። ካልተቀበሉት ሰኔ ሠላሳ ገመዱ ይነቀላል፤ ያለቀለት ነው። ሰላምአብ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ መብላት ተወ።

እሷ ከመምጣቷ ሳምንት ሲቀረው ክፍሏን ስጠርግ ስክሪኑ ክፍት ነበር። ደንበኛ ጠርቶት ማዞሩን ረስቷል። የወላይትኛው ጽሑፍ በላቲን ስለሆነ እኔ የማነበው ፊደል እየቆጠርኩ ነው። «ዝንጅብሉ ከቦምቤ ነገ ጠዋት ይገባል፤ የሚፈልግ በጊዜ ይምጣ» ይላል። ከጎኑ የጸሐፊው ፎቶ አለ። ግራጫ ኮት፣ ጠባብ ክራቫት፣ የግራ ጆሮው ከቀኙ ይልቅ ወጣ ያለ ሽማግሌ። አቶ ዳልጮ ናቸው።

ፎቶውን በደንብ አውቀዋለሁ። ለቀብራቸው አሳድጌ ያተምኩት፣ ላሚኔት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሙቀቱ በዝቶ ጥጉ ላይ አረፋ ስላወጣብኝ ሁለት ጊዜ ነው የሠራሁት። አቶ ዳልጮ ካረፉ ዓመት ከሦስት ወር ሆኗቸዋል። የጻፉት ትናንት ነው።

መጥረጊያዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ጽሑፉን ወደ ታች አወረድኩት። ሰዓት ጠጋኙ አቶ ኤርሳዶም አሉ፤ እሳቸውም ሞተዋል፣ የእሳቸውንም ፎቶ እኔ ነኝ የሠራሁት። ከሦስት ቀን በፊት ስለጠፋች ፍየል ጽፈዋል።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ሰባ ሦስቱ ውሸት ነው። ሰላምአብ ቁጥሩ እንዳይወድቅበት በሙታን ስም ራሱ እየጻፈ ነው። አልተቆጣሁም። ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን ብዙ አይቻለሁ። ብቻ ደከመኝ። ልጠይቀው አስቤ ተውኩትና በጎን ልፈትነው አልኩ።

«ሰላምአብ፣ ዝንጅብል ከየት ነው የምትገዛው?»

«እኔ? ዝንጅብል አልገዛም፣ ሆዴን ያቃጥለኛል። ምነው?»

«እንዲሁ ነው። ፍየልስ?»

«ወርቄ፣ አሞሻል እንዴ?»

አዋቂ ውሸታም ነው አልኩ በልቤ።

ሜላት ማክሰኞ መጣች። ወጣት ናት፤ ዝናብ እየጣለ ጫማዋ ላይ ጭቃ አልነበረም፤ ይህንንም በጥርጣሬ ነው ያየሁት። ሰላምአብ የአባቱን ኮት ለብሶ ጠበቃት። ኮምፒውተሩን አሳያት፣ ሁሉን አስረዳት። እሷም ጥሩ አድርጋ ሰማችው። በመሐል አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም እየተቻኮለ መጣና ሰላምአብ ወደ ፊት ወጣ። እኔና እሷ ቀረን። የስም ዝርዝሩን ከፍታ ነበር።

«እትዬ፣ እርስዎ የከተማው ሰው ነዎት። እኚህን ሰውዬ ያውቋቸዋል? ብዙ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ሄጄ ላነጋግራቸው እፈልጋለሁ።»

ጣቷ አቶ ዳልጮ ላይ ነበር። አላውቃቸውም ማለት እችል ነበር። ግን ከተዋሸ አይቀር የሌላ ሰው ውሸት ለምን ልሸከም?

«ሞተዋል» አልኳት።

«መቼ?»

«አምና፤ መጋቢት መግቢያ ላይ።»

ቀኑን ከጽሑፉ ጋር አስተያየችው። ቀስ ብላ ላፕቶፑን ዘጋችው። ሰላምአብ እጁን እየጠረገ ሲመለስ ፊቷን አይቶ ቆመ።

«አቶ ዳልጮ ሞተዋል እንዴ?» አለችው።

«አዎ፣ አርፈዋል። ምነው?»

«ባለፈው ሳምንት ጽፈዋል።»

«አዎ። ስለ ዝንጅብሉ።»

አንድ ነገር እንደተያዘበት ሰው አልደነገጠም። እሷን ያየበት ዓይን ጥያቄው ያልገባው ሰው ዓይን ነበር።

«የሞተ ሰው ነው የሚጽፈው?»

«ቤቱ ነው የሚጽፈው» አላት።

አልገባትም። እኔም አልገባኝም። «እንሂዳ» አለ፤ በእሷ መኪና ሦስታችን ወደ አቶ ዳልጮ ቤት፣ ወደ ዳሞታ ተራራ በኩል ወጣን። መንገዱን ሙሉ የምጸልይ መስዬ አንገቴን ደፍቼ ነበር።

ባለቤታቸውን እማማ ዓመለወርቅን በረንዳ ላይ ቦዬ፣ እንደ ድንች የሚቀቀለውን ሥር፣ እየላጡ አገኘናቸው። ቀና ብለው ሳያዩን «ጸሐፊው፣ ዛሬ ደግሞ በመኪና?» አሉት። ሰላምአብ ነገሩን በወላይትኛ ነገራቸው። ሳቁ፤ ቢላውን አስቀምጠው እስኪያለቅሱ ሳቁ።

«ሚቼ» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፤ እህቴ ማለታቸው ነው። «አንቺ እድር የለሽም?»

«አለኝ።»

«በማን ስም ነው?»

«በራሴ። ብቻዬን ነኝ።»

«ለዚያ ነው። የኛ ቤት በዳልጮ ስም ነው። ሰው ሲሞት ቤቱ ይሞታል እንዴ? ድንኳኑም ወንበሩም የሚመጣው በሱ ስም ነው። እኔ ስሞትም በሱ ስም ነው የሚመጣው።»

ስልካቸውን አወጡ። ዝንጅብሉን የጻፉት እሳቸው ናቸው። ስለ ዝናብ የሚጽፈው ትልቁ ልጅ ነው፤ መዝሙር በድምፅ የምትልከው ምራታቸው ናት፤ ኳስ የሚከራከሩት ሁለቱ የልጅ ልጆች ናቸው። አምስት ሰው፣ አንድ ስም፣ አንድ የይለፍ ቃል። «ማን እንደጻፈ በምን ይታወቃል?» አለች ሜላት። እማማ ዓመለወርቅ ጥያቄው አስገረማቸው። «በአነጋገሩ ነዋ! ጎረቤት የጎረቤቱን አነጋገር አያውቅም?»

ሰላምአብ የእድሩን መዝገብ ይዞ ሲዞር የመዘገበው ቤት ነው፤ እንደ እድሩ። ወረፋ ይዘው የመጡት አምስት መቶዎቹ ለየብቻቸው ሰዎች ነበሩ፤ ሄዱ። የቀሩት ሰባ ሦስቱ ቤቶች ናቸው።

«ለምን አልነገርካትም?» አልኩት ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ።

«ምኑን? ሌላ ሰው በምን ይቆጥራል?»

የምሩን ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ያችን ቁጥር እያየ ሲያፍር የኖረ ሰው፣ ቁጥሩ የምን ቁጥር እንደሆነ ለማንም መንገር እንዳለበት አልታሰበውም። ስክሪኑን የሚያዞረውም እኔ ሰባ ሦስትን እንዳላይበት ነበር።

ሜላት ክፉ ሰው አልነበረችም። በረንዳው ላይ ተቀምጣ የተቀቀለ ቦዬ በዳጣ በላች፤ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር አቃጠላትና ደገመች። ከዚያ መፍትሔ አለኝ አለች። «ሁሉም በየራሱ ስም ይመዝገብ። ሦስት መቶ ይሆናል። አድጓል ብዬ እጽፋለሁ፣ እውነትም ነው። ቅጹን እስከ ዓርብ ላክልኝ።»

እማማ ዓመለወርቅ ቢላቸውን አነሱ። «የዳልጮ ስም ይውጣ ማለት ነው?»

«የሞተ ሰው ስም መሆን የለበትም፣ እማማ። ደንብ ነው።»

«ስሙ ከወጣ ቤቱ ወጣ። እኔ አልወጣም።» ወደ ቦዬው ተመለሱ።

ሰላምአብ እስከ ዓርብ በየቤቱ ዞረ። ጥቂቶች እሺ አሉት። ብዙዎቹ እንደ እማማ ዓመለወርቅ መለሱለት። እኔ ደግሞ እሱን እጠብቅ ነበር። ማንንም ሳያስፈቅድ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ በግማሽ ቀን ሦስት መቶ ስም መሥራት ይችላል። የቤተሰቡ ስም በሙሉ በእድሩ መዝገብ አለ፤ ሰዎቹም እውነተኛ ሰዎች ናቸው፤ ማን ያውቅበታል? ዓርብ ከሰዓት ኮፒ ማድረጉን ትቼ ከኋላው ቆምኩ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ምንም።»

«አውቃለሁ፤ ስትነግሪያት ሰምቻለሁ። በሙታን ስም የምጽፍ መስሎሽ ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እያየሁህ ነው።»

ፈገግ አለ፤ ከሳምንታት በኋላ የመጀመሪያው ነበር። የተጠቃሚ ብዛት በሚለው ቦታ ላይ «73 ቤት» ብሎ ጻፈ። «ቤት» የሚለውን ቅጹ አልቀበልም አለው፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሰባ ሦስትን ብቻውን ተወው፤ ከታች ባለችው ጠባብ ቦታ ምክንያቱን አብራርቶ ላከው። መልሱ በአሥረኛው ቀን መጣ። በጣም ጨዋ ደብዳቤ ነበር። ከስድስት መቶ አሥራ ሁለት ወደ ሰባ ሦስት የወረደ መገናኛ እያሽቆለቆለ ስለሆነ አልተቻለም ይላል።

ሰኔ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው የእድሩ ስብሰባ ነበር። እሁድ ነው፣ ከቸርች በኋላ። ለጥፋቱ የኔም እጅ ስላለበት አብሬው ሄድኩ። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ገበየው የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ናቸው። ወላጆቻቸው ከጉራጌ ነው የመጡት፤ እሳቸው ግን በወላይትኛ ከብዙው ሰው ይበልጣሉ፣ ቀልድም ያውቃሉ። ሰላምአብ ተነሥቶ ዱቡሻ ማክሰኞ እንደሚዘጋ፣ ያደገ ስላልሆነ ቦታ እንዳላገኘ ተናገረ። የሚያስቀሩት ፎቶ ወይም ድምፅ ካለ እስከዚያ ይውሰዱ አለ። ብሎን መፍቻውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

አቶ ገበየው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቆይ፣ ቆይ። እድራችን ስንት ቤት ነው?»

«መቶ አርባ ሁለት።»

«የዛሬ ሃያ ዓመትስ?»

«መቶ አርባ... መቶ ሠላሳ ዘጠኝ።»

«ታዲያ ይሄ እድር እያደገ ነው እየሞተ?» ወደ ሰዉ ዞሩ። «እድር እንዲያድግ የሚፈልግ ማን አለ? ባደገ ቁጥር ቀብሩ ነው የሚበዛው! እኔ እንኳን በዚህ ጉልበቴ መቃብር ለመቃብር መዞር አልችልም።»

ሰዉ ሳቀ። ሰላምአብም ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ አቶ ገበየው የእድሩ ዕቃ ቤት ጥግ ላይ፣ ድስቱና ድንኳኑ ባለበት፣ ለድንኳን መብራት የተገዛው ሶላር እንዳለ፣ መስመሩን ከጎን ካለው ሱቃቸው እንደሚስቡለት ተናገሩ። እጅ ወጣ፤ አለቀ።

ለእኔ አላለቀም። ያለ ጥቅም እንዲህ የሚቸኩል ነጋዴ አላየሁም። መስመሩ ከእሳቸው ሱቅ ነው፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እሳቸው ጋ ነው፣ ባለፈው ወር ዱቡሻ ላይ «የእድሩ ድንኳን ተቀደደ፣ ሰብሳቢው ተኝቷል» ብሎ የጻፈ ሰው ነበር። እጄን አወጣሁ። አባል አይደለሽም አሉኝ። አቶ ገበየው «ትናገር» አሉ።

«ነገ እርስዎን የሚነቅፍ ሰው ቢጽፍ መስመሩን አይነቅሉትም?»

ጉርምርምታ ሆነ። ሰላምአብ ዓይኑን ጨፈነ። አቶ ገበየው ግን ቆይተው መለሱ።

«ልነቅል እችላለሁ» አሉ። «ሰው ነኝ። ቁልፉ እኔ ጋ መሆን የለበትም።»

«ለጸሐፊው ይሰጥ» አለ አንዱ።

«ጸሐፊውም ሰው ነው» አልኩ። ከአፌ ካወጣሁት በኋላ ነው ያፈርኩት።

«እንግዲያው ማንንም የማታምነዋ ትያዘዋ!» አሉ እማማ ዓመለወርቅ ከኋላ። «በእድሩ የለችበት፣ የምትወግንለት ቤት የላትም። ባለፈው የኛን ሰውዬ ከሞቱ በኋላ እንኳን አልማረቻቸውም።»

ቁልፉን እየሳቁ ነው የሰጡኝ። እንቢ ለማለት ጉልበት አልነበረኝም፤ ተቀበልኩ። ማክሰኞ ኮምፒውተሩን በጋሪ ወሰድነው። ለአንድ ቀን ተኩል ጠፍቶ ነበር፤ ከዚያ ተነሣ። እያደገ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ አለ። አላውቅም እላለሁ። አውቃለሁ የሚሉትን ሰዎች አይቻለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ሰላምአብ እየሮጠ መጣ። «ቁልፉን ስጪኝ ወርቄ፣ ማራገቢያው እየጮኸ ነው።»

«አብሬህ እገባለሁ።»

«ሥራ የለሽም? አታምኚኝም አሁንም?»

ቀድሜው በሩን ከፈትኩ። በትልልቆቹ ድስቶች መሐል ተንበርክኮ ክዳኑን ፈታ፤ እኔ የስልኬን መብራት ይዤ እጁን አያለሁ። ማራገቢያውን አጸዳ፣ መለሰ፣ ክዳኑን በሦስት ብሎን ገጠመ።

«አራት ብሎን ነበር የፈታኸው» አልኩት። «አራተኛዋ የት አለች?»

«እጄ ላይ ናት።»

«አሳየኝ።»

መዳፉን ዘረጋልኝ፤ ብሎኗ እዚያ ነበረች።